ከጎኔ ስታልፉ ስሜን ጥሩኝ፦ ስለ ግላኮማ በእድር ጉባኤ የተደረገ ንግግር

(ይህን ንግግር ያደረግሁት በመጋቢት ወር፣ በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። ልጆች በስልክ ቀድተውት ነበር። ከቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬ አቀረብኩት።)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም ተገናኘን። የእድራችን ዳኛ ይህን ሰዓት ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ በመምህርነቴ ታውቁኛላችሁ። ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁም እዚህ ተቀምጣችኋል። ዛሬ ግን እፊታችሁ የቆምኩት እንደ ታማሚ ነው። ግላኮማ አለብኝ። ሰው በተለምዶ "የዓይን ግፊት" የሚለው በሽታ ነው። በዓለም ዙሪያ የግላኮማ ሳምንት የሚታሰበው በዚህ ሰሞን ስለሆነ፣ ጊዜው ጥሩ ነው ብዬ ዕድሉን ጠየቅሁ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ በሽታው ምንድን ነው፣ ለምንስ ይደበቃል? ሁለተኛ፣ ከሱ ጋር እንዴት ይኖራል? ሦስተኛ፣ በሕክምናው በኩል ምን አዲስ ነገር አለ? ከዚያ በኋላ አንድ ልመና አለኝ። የመጣሁት ለልመናው ነው ብል ይቀለኛል።

እስኪ መጀመሪያ ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ። አሁን ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት ዓይኑን የተመረመረ እጁን እንዳወጣ ይቆይ። መነፅር ለማሠራት ማለቴ አይደለም። ግፊቱ የተለካ፣ ከኋላ ያለው የዓይኑ ነርቭ በሐኪም የታየለት ማለቴ ነው። ሌላው ያውርድ። አያችሁ? ስንት እጅ ቀረ? ለዚህ ነው የመጣሁት።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ። እንባ አይደለም፤ እንባ ከውጭ ነው። ይሄኛው ውስጥ ይመነጫል፣ ዓይንን ይመግባል፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ባለ ወንፊት በመሰለ ማስወጫ በኩል ወደ ደም ይመለሳል። ማስወጫው ሲደክም ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ግፊት ይጨምራል። ጤናማ የሚባለው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ የሚጎዳው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ከነዚያ አንዱ ከሞተ አይተካም። ሌላም ልብ በሉ፤ ግፊታቸው ከ21 በታች ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ግፊት ተለክቶ ብቻ "ደህና ነዎት" መባል አይበቃም። ሐኪሙ ነርቩን ማየት አለበት።

ታዲያ ለምን ይደበቃል? መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር እይታ ስለሆነ ነው። መሐሉ እስከ መጨረሻው አካባቢ ደህና ሆኖ ይቆያል። እኔ በሽታው ከተገኘብኝም በኋላ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባ ነበር። ያለ መነፅር! የልጅ ልጄን ቀሚስ ስጠቅም ክሩን በቀዳዳው አሳልፍ ነበር፤ አጠገቤ ያለውን ስኒ ግን በክርኔ እገፋው ነበር። የበሩ መቃን ትከሻዬን ይመታኛል። ቀና ብዬ ሳየው መቃኑ አለ። ሳላየው ግን የለም። ብዙ ሰው ግላኮማ ሲባል ጥቁር ጥላ የሚታይ ይመስለዋል። ጥቁር ነገር አይታይም። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ አንጎልም ክፍቱን በግምት ይሞላዋል። የጎደለው ነገር መጉደሉ አይታወቅም። አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም።

አንድ ዓይነት ግን አለ፣ በድንገት የሚመጣ። ዓይን በኃይል ያማል፣ ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል። ይህ ሲሆን "ነገ ይሻለኛል" አይባልም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ዓይን ሐኪም ነው።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ የኖረችው ደብረ ብርሃን ነው። ዓይኗ ሲደክም ሁላችንም አንድ ቃል ነበረን፦ "ሞራ ነው።" ጎረቤቱም ሞራ ነው አለ፤ ዘመዱም ሞራ ነው አለ። "ይብሰል፤ ሲበስል ይገፈፋል" ተባለ። እሷም ጠበቀች። እጇን ዘርግታ ግድግዳ እየዳሰሰች፣ ድምፃችንን እየለየች፣ እስኪበስል ጠበቀች። በመጨረሻ ወሰድናት። ሞራውም ነበረባት፤ ተገፈፈላት። ፋሻው ሲነሳ ሁላችንም አልጋው ዙሪያ ቆመን ነበር። "ማን ነው የቆመው?" አለች። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶ ነርቩ ቀድሞ መሞቱን ነገረን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን ያዙልኝ። ሞራ ይጠብቃል፤ ግላኮማ አይጠብቅም። በሞራ የጠፋ ብርሃን በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። በግላኮማ የጠፋ ግን ዛሬ ባለው ሕክምና አይመለስም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት ነው። በግላኮማ የታወሩት 5 ከመቶ ግድም ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የሞራው ሰው ነገ ተገፍፎለት ሊያይ ይችላል። የግላኮማው ሰው ቀኑ አልፎበታል። ለኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደግሞም "ሞራ ነው" ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ጎረቤት ነው? ሐኪም ይወስን!

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ከግላኮማ ጋር እንዴት ይኖራል?

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣው። "ግላኮማ አለብሽ" ስባል ያየሁት እናቴን ነው። ሌሊት እየተነሳሁ አንድ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ግድግዳውን እፈትሽ ነበር። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ነገር ግን እወቁት፤ በጊዜ ተገኝቶ በአግባቡ የሚታከም አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ እያየ ይኖራል። ስዊድን ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ግፊት በአንድ ሚሊሜትር በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ 10 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። አንዷ ነጥብ ዋጋ አላት። ስለዚህ ጠብታዋን የምጨምረው አምኜባት ነው።

ጠብታ አጨማመር አሳያችሁ? እሺ። እጅ ታጥባላችሁ። ትቀመጣላችሁ፤ ቆማችሁ አይሆንም። የታችኛውን ቆብ በጣት ወደ ታች ስባችሁ ወደ ጣሪያ ታያላችሁ። አንድ ጠብታ፤ አንድ ይበቃል። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት እንዳይነካ። ዓይንን ጨፍናችሁ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ሁለት ደቂቃ ያህል ተጫኑ። ይቺን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ካልተጫናችሁ መድኃኒቱ በአፍንጫ ወርዶ ጉሮሮ ውስጥ ይመርራል፤ ወደ ደምም ይገባል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመሐሉ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል።

አስም ያለባችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትናገሩ ቲሞሎል የሚባለውን የግላኮማ ጠብታ እንዳትጀምሩ። ቲሞሎል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ትንፋሽ ያጠብባል፣ የልብ ምትም ያዘገያል። "የዓይን ጠብታ ምን ያደርጋል" አትበሉ።

አሁን ስለ ጠበል ልናገር፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ሱባኤ ሲገቡ ጠብታቸውን ቤት ጥለው የሚሄዱ አውቃለሁ። ጠብታውን ማቋረጥ የእምነት ምልክት የሚመስላቸው አሉ። በኤችአይቪ ዘመን አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ምእመናንን መክረው ነበር። ለዓይንም ያው ነው። ጠብታውን ወደ ጠበል ስትሄዱ ከምትይዙት ዕቃ ውስጥ ጨምሩት። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በረመዳን ጠብታ ፆም ያፈርሳል ብላችሁ የምታቆሙ ካላችሁ ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ ሐኪሙንም ጠይቁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ የሚጨመር ጠብታ አለ። መፍትሔ አለው፤ ማቋረጥ ግን መፍትሔ አይደለም።

አንድ ነገር ላይ እቆጣለሁ፤ ፍቀዱልኝ። ልጆቻችን አቧራና ፀሐይ ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው መድኃኒት ቤት ሄደን ጠብታ እንገዛለን። ያለ ትእዛዝ! ብዙ ጊዜ የሚሰጠን ዴክሳሜታዞን ያለበት ነው። ማሳከኩ በአንድ ቀን ጥፍት ይላል። እናቲቱ ደስ ይላታል፤ ሲያልቅ ደግማ ትገዛለች። ይህ መድኃኒት ለወራት ሲጨመር የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል። አሥር ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ እንኳ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። እኔ ቀጠሮዬን ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ያገኘሁት ልጅ የደብተሩን ጽሑፍ አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያነብ ነበር። እናቱ ባዶውን ጠርሙስ በሶፍት ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። "ይሄን ነበር የምጨምርለት" ትላለች። እባካችሁ፣ ለልጅ ዓይን ያለ ሐኪም ጠብታ አትግዙ። እባካችሁ።

የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። የተነቀለ ኮብልስቶን፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከጎን ሳይታሰብ የሚወጣ ሞተር። ሲመሽ ብቻዬን አልወጣም። ደረጃ ስወርድ የመጨረሻውን እርከን በእግሬ ጫፍ እፈልገዋለሁ። እነዚህ ይለመዳሉ። ያልተለመደኝ ሌላ ነው። "መምህርት ሰላም ሳትለኝ አለፈች" ተብዬ ተወቅሻለሁ። "ጡረታ ወጥታ ኮራች" ተብሏል። ለቅሶ ቤት ከጎኔ የተቀመጠች ሴት እጇን ዘርግታልኝ ሳልጨብጣት ቀርቼ አኩርፋኛለች። አላየኋትም! ከፊቴ ያለውን ሰው አያለሁ፤ ከጎኔ ያለውን አላይም። ስለዚህ ዛሬ በጉባኤ ፊት እጠይቃችኋለሁ፦ ከጎኔ ስታልፉ ስሜን ጥሩኝ። እኔን ብቻ አይደለም። በዚህ ሰፈር ሰላም የማይል ሽማግሌ ስታዩ ኩራት ነው ከማለታችሁ በፊት ዓይኑን ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ አዲስ ነገር አለ ወይ? አለ። ደስ የሚል ነገር አለ።

በእናቴ ዘመን ቢሆን ኖሮ ጠብታው በቀን ብዙ ጊዜ የሚጨመር፣ ዓይን የሚያጨልም ነበር። ቲሞሎል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ላታኖፕሮስት የሚባለው ጠብታ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ማታ አንድ ጠብታ፣ አለቀ። ሽፋሽፍት ያስረዝማል፤ የዓይንንም ቀለም ሊያጠቁር ይችላል። ከዚያ ሌላ አብዛኛው ሰው ይስማማዋል። ችግሩ ዋጋውና መጥፋቱ ነው። አንዳንዴ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ዞራችሁ ታጡታላችሁ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ አትጠብቁ።

እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ የሌዘሩ ነገር ነው። ያ ወንፊት ያልኳችሁ ማስወጫ ላይ ለስላሳ ሌዘር ይተኮሳል። መቁረጥ የለም፣ መስፋት የለም። ተቀምጣችሁ፣ አገጭ ማሽን ላይ አስደግፋችሁ፣ በደቂቃዎች ያልቃል፤ በዚያው ቀን ቤታችሁ ናችሁ። እንግሊዝ አገር 718 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በሌዘር ከጀመሩት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ግፊታቸው ያለ ጠብታ ተስተካክሎ ተገኘ።

"እሱ እንግሊዝ ነው፤ የኛ ዓይን ሌላ ነው" የሚል አለ? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ የታንዛኒያውን ሰማሁ። ኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ሞሺ የምትባል ከተማ ባለ ሆስፒታል ውስጥ፣ 201 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው ገሚሱን በቲሞሎል፣ ገሚሱን በሌዘር አከሙ። በሽታው የጠናባቸው ሰዎችም ነበሩበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ በቲሞሎል የተሳካው በ31 ከመቶ ዓይኖች ነው። በሌዘር ግን በ61 ከመቶ! እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ እንደኛ ባለ ሕዝብ ላይ። ጠብታ በየወሩ መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሌዘሩም ለዘላለም አይደለም፤ ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ሊቀንስ ይችላል፤ ክትትል አይቀርም። ግን ሐኪማችሁን "ለኔ ሌዘር ይሆናል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ማሽኑ በየከተማው እንዲኖር መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ለሚመለከተው ሁሉ እዚህ ሆኜ እጠይቃለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን በአጭሩ ልለፈው። ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍተው ቀዶ ሕክምና ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ አለ፤ አሁንም ብዙ ሰው ያድናል። ትንንሽ ቱቦዎችም ይተከላሉ። ዓላማው ያለውን ማዳን ነው፤ የጠፋውን መመለስ አይደለም። ይህን ሳያውቁ ገብተው "አበላሹኝ" የሚሉ አሉ። አሜሪካ ደግሞ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚለቅ ነገር አውጥታለች። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሌላው በ2023 መጨረሻ ተፈቅዷል። ወደኛ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

የሞተውን ነርቭ ማስነሳትስ? እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ ተሞክሮ፣ በግላኮማ የደከመ እይታ በከፊል ሲመለስ ታይቷል። በአይጥ ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ በአይጥ ነው። ቫይታሚን ቢ3 ነርቩን ያጠነክር እንደሆነ በሰው ላይ እየተጠና ነው። በስልክ "ነርቭ የሚያድስ" እያሉ እንክብል የሚሸጡላችሁን አትስሙ። ቢ3 በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ተስፋ አለ፤ ተስፋ ግን በመድኃኒት ቤት መስኮት ገና አልወጣም።

አሁን ወደ ልመናዬ።

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። ኔዘርላንድ ሮተርዳም ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ የግላኮማ ታማሚ እህት፣ ወንድም ወይም ልጅ የሆነ ሰው በዕድሜው ዘመን የመያዝ ዕድሉ 22 ከመቶ ግድም ሆኖ ተገኘ። ዘመዱ ያልታመመበት ሰው ግን 2 ከመቶ ግድም ነው። አሥር እጥፍ ያህል ማለት ነው። ጥቁር ሕዝብ ላይ ደግሞ ይበረታል። ባርቤዶስ ደሴት ላይ ከ40 ዓመት በላይ ካሉ ጥቁሮች 7 ከመቶው ግላኮማ ነበረባቸው።

እንግዲህ ይህ ሆኖ ሳለ ምን እናደርጋለን? እንደብቃለን። "የዘር በሽታ አለባቸው እንዳይባል" እንላለን። "ሴት ልጄ ሳታገባ እንዳይሰማ" እንላለን። ጠብታችንን ቁም ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን። ታናሽ ወንድማችን ግን እዚያው ሰፈር ውስጥ ዓይኑ እያለቀ ነው፤ አያውቅም። ማን ይንገረው? ጎረቤት ሊነግረው አይችልም፤ የደበቅነው እኛ ነና።

እኔ ለወንድሞቼና ለእህቴ ደወልኩ። አንዱ "ሟርት አታውሪ" አለኝ። እህቴ ያለችው አሜሪካ ነው፤ ሄዳ ታየች፤ ነፃ ናት፤ በየዓመቱ ትታያለች። ዘመድ አሜሪካ ያላችሁ ንገሯቸው፤ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ያላቸው ሰዎች በቤተሰባቸው ግላኮማ ካለ በዓመት አንዴ የግላኮማ ምርመራ ይሸፈንላቸዋል። "ሟርት" ያለኝ ወንድሜን ሚስቱ ጎትታ ወሰደችው። ተገኘበት። ያቺን የእይታ ስፋት መለኪያ ማሽን ታውቋታላችሁ፤ አንድ ዓይን ተሸፍኖ፣ መሐሉን እያዩ፣ ዳር ላይ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው። የሱ ወረቀት ጥግ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት ያለችው። የኔ ግን ግማሹ ጠቁሯል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። አሁን ጠብታውን እሱ ነው የሚያስታውሰኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ግላኮማ ያለባችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልክ አንሱ። ለወንድም፣ ለእህት፣ ለልጅ ንገሩ። በስም ጥሩት፦ "ግላኮማ አለብኝ፤ አንተም ታይ" በሉ። የሌለባችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁ በምን እንደታወሩ ጠይቁ። "ሞራ ነበር" ከተባላችሁ "ማን ነው ያለው?" ብላችሁ ድገሙ።

የእድራችን ጸሐፊ በሩ አጠገብ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ወይም በቤታችሁ ግላኮማ ያለባችሁ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን አስመዝግቡ። በቡድን ሆነን ሄደን እንታያለን። የትራንስፖርቱን ወጪ እድሩ ይሸፍን እንደሆነ ከመዋጮው አጀንዳ ጋር እንዲታይ ለዳኛችን አቅርቤአለሁ፤ ድምፅ ስትሰጡ አስቡበት። የምርመራው ቀን መነፅራችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ። የዓይን ብሌን የሚከፍት ጠብታ ስለሚደረግ ለሰዓታት ያደበዝዛል፤ መኪና እየነዳችሁ እንዳትመጡ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከጎን የተቀመጣችሁ ግን እጅ ብቻ አታውጡ፤ ድምፅ አሰሙኝ። አመሰግናለሁ።